ሂርጴ ብሎ የሚጣራ ጠፋ

ለወንድሜ ለዋቅጋሪ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ ወንድምዓለም? የአሰብ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ወደብ ላይ ጆንያ ስትሸከም ያመህ የነበረው ወገብህስ ሻል አለህ? አብሮህ የሚኖረው ቱሉስ ደህና ነው? እኔ፣ ባለቤቴ ካሣዬና አባባ በሕይወት አለን። ከዚህ አልፌ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ እጄ እምቢ አለኝ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። በሁለቱም ሂርጴ እንዴት ናት፣ ሰዉስ ስሟን በደንብ መጥራት ለመደ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። መልስ ያጣህበትን ምክንያት ልንገርህ፤ እባክህ ተቀመጥና አንብብ። ልጄ ሂርጴ የለችም። ኅዳር ላይ ኩፍኝ ያዛት፣ ወደ ሳንባዋ ገባና በሳምንቱ ሞተችብኝ።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። አባባ ራሳቸው መጥተው ሊያረዱህ ነበር፤ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከለከላቸው። እዚያ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በርህን አንኳኩተው አጠገብህ ቁጭ የሚሉ ሽማግሌዎች የሉህም። ዝም ብንልህ ከረሜላና ቀሚስ ገዝተህላት ትመጣለህ ብዬ ፈራሁ። ቱሉን ጥራው፣ ብቻህን አታልቅስ።

ስሙን ያወጣህላት አንተ ነህ፣ የአያታችን ስም እንዳይጠፋ ብለህ። ያኔ ሰፈሩ ይህን ደግሞ ከየት አመጣችሁት ብሎ እንዴት እንደሳቀብን ታስታውሳለህ? ሂርፔ የሚለው፣ ሂርቤ የሚለው በዛና አንተ በየደጁ እየዞርክ መዳፍህን ከአፋቸው ፊት እየደቀንክ ታስጠራቸው ነበር። ጴ ሲባል መዳፌ ላይ ትንፋሽ መምጣት የለበትም ትላቸው ነበር። ጎረቤታችን ደሳለች ስትሞክር ምራቋን ረጭታብህ ስንስቅ ዋልን። አንተ ከሄድክ በኋላ ግን ልጄ ስሟን አስወደደችው። ደሳለች ሴት ልጅ ስትወልድ ስሟን አውሺኝ ብላ መጣች፤ የወፍጮ ቤቱ ሰዎችም ልጃቸውን ሂርጴ አሏት። አመሻሹ ላይ ልጆች ወደ ቤት ሲጠሩ መንደሩ ሁሉ ሂርጴ፣ ሂርጴ ነበር፤ ሁሉም አፉ እንዳመጣለት።

የሞተች ዕለት ጠዋት እኔም መዳፌን ከአፏ ፊት ያዝኩ። ትንፋሽ አልመጣም። ያ ጨዋታህ ትዝ አለኝና፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ የራሷን ስም አስተካክላ እየጠራች መሰለኝ።

ከቀብሩ በኋላ መንደሩ ስሙን ተወው። እኔ እንዳልሰማው ብለው ነው፤ ክፋት የለበትም። የወፍጮ ቤቷ ልጅ ሚሚ ሆነች። ደሳለችም የራሷን ልጅ ማሚቱ ማለት ጀመረች። ልጅቷ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ማሚቱ ሲሏት ማንን ነው ብላ ዙሪያዋን ታያለች እንጂ አትመጣም። ደግነታቸው አንጀቴን በላው ዋቅጋሪ። ልጄን አፈር ወሰዳት፣ ስሟን ደግሞ ጎረቤት ለእኔ አዝኖ ቀበረው።

ባለፈው እሁድ አልቻልኩም። ደሳለች ቤት ገብቼ "ልጅሽን በስሟ ጥሪያት" አልኳት።

"በምን አንጀቴ?" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

እኔው ደጃፉ ላይ ቆሜ ተጣራሁ፤ አንተ እንዳስተማርከን፣ አያታችን ስሟን ስትናገር እንደምትለው። ትንሿ ከጓሮ እየሮጠች መጥታ ጉልበቴን አቀፈች። እኔና ደሳለች ተያይዘን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ በስሟ ትጠራታለች። አሁንም ሂርፔ ነው የምትለው፣ ምንም አልተሻላትም።

ስለዚህ አደራህን፣ ፈቃድ ሰጥተውህ ስትመጣ ከረሜላውን እንዳታስቀር። ለደሳለች ልጅ ስጣት፤ እናቷንም እንደገና አስተምራት። እዚህ ስሙን አስተካክለን የምንጠራ እኔና አባባ ብቻ ነን፤ አባባም ድምፃቸው ደክሟል።

አባባ ጉልበትህን ይባርከው ብለውሃል። ካሣዬ ሰላም ይልሃል፤ ከፋብሪካ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ብቻውን ይቀመጣል፣ አንተ ብትጽፍለት ደስ ይለዋል። ደሳለች አይዞህ በይልኝ ብላለች። ለቱሉ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ድሮ ደብዳቤዬን ስጨርስ ሂርጴ ትስምሃለች እያልኩ እጽፍልህ ነበር። ዛሬም ልጻፈው፤ የደሳለች ልጅ፣ ሂርጴ፣ ትስምሃለች።

እህትህ ቡርቱካን
ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ
የካቲት 5 ቀን 1976 ዓ.ም.