የአኮ አውራ ጣትና የጓሮው ፓምፕ

ማክሰኞ
በዚህ ጠራራ ግቢዬ ጎርፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሰፈርተኛው ጀሪካን ደርድሮ ከቆርቆሮው ጫፍ ይቀዳል። "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ምንጭ ፈለቀልሽ!" አለችኝ አልማዝ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። ሳቋ እስከ አደባባይ ይሰማል።

ውሃ እኮ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው! ከመሬት ስር ባለው ገንዳ አጠራቅመን፣ መብራት ሲኖር ከስልኬ በማስነሳው ፓምፕ ወደ ሮቶው እንገፋዋለን። የሳምንት ውሃ አስፋልት ጠጣው።

ማን አስነሳው? ስልኬን ከፈትኩ። ሰባት ሰዓት ከሃያ፣ በዚሁ ስልክ ተነስቷል ይላል። በዚያ ሰዓት እኔ ምሳ በልቼ ወደ ሱቅ ልመለስ ጫማ እያጠለቅኩ ነበር።

ረቡዕ
ሁሴን ቁርሱን ከነገር ጋር በላው። "ፓምፕ በስልክ! ባለቤቴ ሚኒስትር ሆናለች!" ዛሬ ወደ ሥራው ወደ ክብረ መንግሥት ሄደ። እሁድ ሲመለስ መላ ካላገኘሁ ሽቦውን በፒንሳ ይቆርጠዋል፣ እንደ ድሮው በግድግዳው ማብሪያ ይሆናል።

እንደ ድሮው! መብራት መጣ በተባለ ቁጥር ሱቅ የምዘጋው፣ ጨርቅ ያስለካሁትን ገበያተኛ ጥዬ በባጃጅ የምበረው እኔ። እናቱ አኮ ጉልበታቸው ጓሮ አያደርሳቸውም። እሱ የለም። አልመለስም። ደግሜ ልጻፈው፤ አልመለስም።

ሐሙስ
ያዝኩት!
ልጃችን ነጃት ከሐዋሳ፣ ከትምህርቷ መሃል፣ በምሳ ሰዓት በቪዲዮ ትደውላለች። ስልኩ ለአኮ ይሰጣል። "አካም? ናጋ? ቤቱ ናጋ? ከብቱ ናጋ?" በዶርም የምትኖረዋን ልጅ የከብት ሰላም ይጠይቋታል፤ እሷም "ናጋ፣ አኮ" ትላለች። ሲጨርሱ ቀዩን ምልክት ይነካሉ። ጥሪው ተዘጋ። አውራ ጣታቸው ግን አላመነም፤ ደግሞ ይነካል፣ ደግሞ። እኔ ደግሞ ለእጄ እንዲቀርበኝ ብዬ የፓምፑን ምልክት ልክ እዚያው ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ፓምፑ ከጓሮ ሲያጓራ ስልኩን ነጥቄ አጠፋሁት።

ፓምፑን ከስልኬ ጋር ለገጠመልኝ ለገልገሎ ደወልኩ። "እህቴ፣ ስልክሽን ለሰው አትስጪ።"
"አንተ ብትሆን እናትህን የልጅ ልጅዎን ሰላም አይበሉ ትላለህ?"
ሳቀ። "እንግዲያው ከመነሳቱ በፊት ይጠይቅ። ማስተካከያው ውስጥ አለ።"

ዓርብ
ስልኩ ጠየቀ። አኮም አዎ አሉት።

እኔ ሶላት ላይ ነበርኩ። ሰማሁት፣ ግን አላቋረጥኩም። ገንዳው ባዶ ነው፤ ፓምፑ ያለ ውሃ እየዞረ ነው። ስጨርስ ሮጬ አጠፋሁት፤ ጓሮው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ትንሽ ቢቆይ ተቃጥሎ ነበር፤ የሁሴን ፒንሳም ሥራ አይኖረውም ነበር።

"አኮ፣ ለምን አዎ አሉት?"
"ምን እንደሚል አላነበብኩም። ጥያቄ መሆኑን ግን አየሁ። ለጠየቀ ሰው እሺ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?"

አልማዝ በአጥሩ በኩል፣ "ተይው ይቅርብሽ፣ እኛስ በጃችን እያበራን እየኖርን አይደል?" አለች። እሷ ሱቅ የላትም።

ቅዳሜ
ገበያ ሞቅ ብሎ፣ በአንድ እጄ ሜትር፣ በአንዱ ስልክ ይዤ ማስተካከያውን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። ነጃት ደውላ "እማ፣ ልንገርሽ?" አለች። ተይኝ አልኳት። ስምንት ሰዓት ላይ አገኘሁት፦ አራት ቁጥር ካልገባለት አይነሳም። ማጥፋት ግን ያለ ቁጥር። ደግሞ ቢረሳ በሃያ ደቂቃ ራሱ ይጠፋል።

በክርኔ ሞከርኩት። በጉንጬ። ቦርሳ ውስጥ ከቲማቲም ጋር አናወጥኩት። ንቅንቅ የለም። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ገበያተኛዋ ዋጋ የቀነስኩላት መሰላት።

እሁድ
ውሃም መጣ፣ ሁሴንም መጣ። ፒንሳው በእጁ ነው። "ስልኩን ለእናትህ ስጣቸው" አልኩት።

ነጃት ደወለች። ናጋው ሁሉ ተባለ፣ ከብቱ ሁሉ ተጠየቀ። አኮ ዘጉ፣ ደግመው ነኩ፣ ደግመው። ሁሴን ወደ ጓሮ ጆሮውን አቀና።

ፓምፑ ዝም።

"ይሄ ደግሞ ቁጥር ይለኛል፤ ምን አጠፋሁ?" አሉ አኮ።
"ምንም አላጠፉም፣ አኮ።"
ስልኩን ወደ እኔ አዙረው፣ "ቁጥሩን ንገሪኝ እንጂ። አንቺ ሶላት ላይ ሳለሽ ውሃና መብራት ቢገጥሙስ? ጆሮ ያለኝ እኔ፣ ቤት የምውል እኔ።"

እውነታቸውን ነው። አራት ቁጥር አስቦ የሚነካ ጣት ተሳሳተ አይባልም። በጆሯቸው ነገርኳቸው። አንድ በአንድ ነኩ፣ ፓምፑ ተነሳ፣ ውሃው ወደ ሮቶው ሲወጣ ሰማነው። አኮ ሁሴንን በኩራት አዩት።

እሱ ፒንሳውን ኪሱ ከተተ። ማታ ላይ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ከክብረ መንግሥት ሆኖ እንዲያግዘኝ ፓምፑን በእሱም ስልክ ላይ እንዳስገባለት፣ ቁጥሩንም እንድነግረው ጠየቀኝ።

እያሰብኩበት ነው።