ሦስተኛው ስንኝ

ማክሰኞ፣ መስከረም 28

ከሲቀላ ሰፈር እስከ ሴቻ አሥራ አራት ዙር። ዳገቱ ላይ ባጃጇ ስታቃስት ዜማ መጣልኝ። ዝም ብሎ መጣ! ዳር ይዤ አቆምኩና ስልኬ ላይ ቀዳሁት። ተሳፋሪዋ ሴትዮ "ወንድም፣ አመመህ እንዴ?" አለች። "የለም እናቴ፣ የማርያም መዝሙር ነው።" ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

መስበክ አልችልም። መቁጠሪያ ስይዝም ሐሳቤ ነዳጅ ወረፋ ላይ ነው የሚገኘው። እግዚአብሔርን የማናግርበት ያለኝ ይሄ ብቻ ነው...

እማዬ በር ላይ ጥጧን ትፈትላለች። እንደወትሮዋ ያለ ቃል ታንጎራጉራለች። አዲስ መዝሙር ላሰማሽ? አልኳት። "ቤተክርስቲያን እሰማዋለሁ" አለች፣ ቀና ሳትል።

እሁድ፣ ጥቅምት 3

ስመኝ ተቀበለችው! የመዘምራን መሪያችንን ማስደሰት ቀላል አይደለም። እኛ ካቶሊኮች መቁጠሪያ ለምንደግምበት ወር መዝጊያ ይዘመራል። የመጀመሪያዬ! አንድ ነገር ብቻ... "ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ይወድቃል፣ ካሱ። የጎደለ ቃል ያለው ይመስላል። አስተካክለው።" ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። "እንዲህ ነው የተሰጠኝ" አልኳት። ተሰጠኝ! ጉራዬ እኮ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ልምምድ። ድምፄ ዘግቷል። ለእማዬ ፊት ወንበር ላይ ቦታ ያዙላት ብያለሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

የመዝጊያው ቀን።

ዘመርን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ እማዬ ተነሳች። ደስ ብሏት መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ፈገግ! ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። የለቅሶ አስተሳሰር። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ፣ ያ ዜማው የሚወድቅበት ቦታ ላይ፣ ጮኻ ስም ጠራች። "ፀደይ!" ልክ ገባ። የጎደለው ቃል እሱ ነበር።

ኦርጋኑ ቆመ። ሁለት የጨንቻ አሮጊቶች ተነስተው ግራና ቀኟ ቆሙ። እኛ ዘንድ ለቅሶ የጀመረ ሰው ብቻውን አይተውም። ማን እንደሞተ ሳያውቁ አብረዋት አለቀሱ። አባ ዘካሪያስ መሠዊያው ፊት አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። እኔ? ማይክ ይዤ ደንዝዤ ቆምኩ። ፀደይ ማናት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

እህቴ ናት። ነበረች። ከእኔ በፊት፣ እማዬና አባዬ ጨንቻ ሲኖሩ። በሦስት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት።

"ዜማውን እኔ ነኝ ያወጣሁላት" አለች እማዬ። "አንተ ስትወለድ አባትህ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ለቅሶ አይሰማ አለ። ቃሉን ተውኩ። ዜማው ግን እንዝርት በያዝኩ ቁጥር ይመጣል፤ ምን ላድርገው?"

ስሜ ካሱ ነው። የማን ካሳ እንደሆንኩ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ አንድም ቀን አልጠየቅኩም!

ከሰማይ የተሰጠኝ ያልኩት ከእናቴ ጉሮሮ የወሰድኩት ነው። አንቀልባ ላይ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ የሰማሁት። ቁስሏን በማይክ ዘመርኩባት... አፈርኩ። ለስመኝ ደውዬ መዝሙሩን ሰርዢው አልኳት። ከእንግዲህ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ስመኝ ሦስቴ ደወለች። አላነሳሁም። በምን አፌ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

የሙታን መታሰቢያ። የሟቾች ስም እየተጻፈ መሠዊያው ሥር ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል። እማዬ መጻፍ ስለማትችል በየዓመቱ የምጽፍላት እኔ ነኝ። የአባዬን ስም ብቻ ነበር የምታስጽፈኝ። ዛሬ "መጀመሪያ የእህትህን" አለች። ጻፍኩ። ሦስት ፊደል ብቻ ነው።

"መዝሙሩን አሰረዝክ አሉ?"

"የአንቺን ለቅሶ ወስጄ ለማርያም ስሰጥ..."

"ታዲያ ለማን ልትሰጠው ኖሯል? እሷም ልጅ ቀብራለች። ይገባታል።"

ከቅዳሴ በኋላ ስመኝን ፈልጌ የመዘምራኑን ደብተር ተቀበልኳት። የእናቴን ስም አስቀድሜ ጻፍኩ፦ ዜማ፣ ደግነት። ግጥም፣ ልጇ ካሱ።

"ሦስተኛው ስንኝስ?" አለች ስመኝ።

"አትንኪው። እዚያ ላይ ሁላችንም ዝም እንላለን። እማዬ ትሞላዋለች።"

ከሰዓት ባጃጇን አቁሜ ስገባ በር ላይ እየፈተለች ታንጎራጉራለች። ከነቃሉ። ፀደይ ስትል ድምፅዋ አልተሰበረም። ስልኬን አላወጣሁም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የጥጡን ፍሬ ለቀምኩላት።