«ማን ነው የሚመልሰው?» ይሉ የነበሩት የኢንጂነር ማርሴል ሐቢብ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ማርሴል ከአባታቸው ከአቶ ሐቢብ ባስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንጄል እ.ኤ.አ. በ1956 እስክንድርያ፣ ሙሐረም በይ ሰፈር ተወለዱ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ራኡፍ ዕድሜ ልኬን «አንቺ» ስላት የኖርኩትን እህቴን ዛሬ «እሳቸው» ማለት ይከብደኛል፤ ግን ወጉ ነውና ይሁን።

በ1979 በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው፣ ኋላም የከተማዋን የዝናብ ውሃ ፓምፖች የሚያዝዘውን ፕሮግራም በሚጽፍ ትንሽ ቢሮ ተቀጠሩ። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ሲ የተባለው ቋንቋ ከኋላ ተከትሎ የሚያጸዳ የለውም። ከማሽኑ ሜሞሪ የተወሰደውን ቦታ ጸሐፊው ራሱ አስቦ ካልመለሰ፣ ቦታው ቀስ በቀስ ያልቅና ማሽኑ ቀጥ ይላል። ሁለት ጊዜ ከተመለሰም ጉድ ይፈላል።

ባለቤታቸውን ኢንጂነር ሳሚርን ያገኙት በዚሁ ጉድ ነው። ማርሴል የመለሱትን ቦታ ሳሚር ደግመው መለሱና ፕሮግራሙ ወደቀ።

«የኔን ምን አስነካህ?» አሉ ማርሴል።

«ላግዝሽ ብዬ ነዋ!»

«እንዲህ ከምታግዘኝ ብትሰድበኝ ይሻለኛል!»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርሴል ደንብ አወጡ፦ ቦታ ለሌላ የሚያቀብል የፕሮግራሙ ክፍል ሁሉ ከአናቱ ላይ አንድ መስመር ይጻፍበት፤ የሚመልሰው ሰጪው ነው ወይስ ተቀባዩ? ያቺ መስመር ከሌለች አለቃም ቢጽፈው አይቀበሉም ነበር። አቤት ግትርነታቸው! በ1990 ከሳሚር ጋር ተጋቡ፤ በ1993 ልጃቸውን ዲሚያናን ወለዱ። እሷም አድጋ እዚያው ቢሮ ገባች።

ባለፈው ጥቅምት ካንሰር አልጋ ላይ ጣላቸው። በዚያው ወር ፕሮግራሙ በየዘጠኝ ቀኑ መቆም ጀመረ፤ የባሕሩ ማዕበልና ዝናብ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ፓምፖቹ ዝናብ ላይ ከቆሙ የምድር ቤት ነዋሪው ይሰምጣል። ሰው ሁሉ ጣቱን በቢሮው ወጣት ጸሐፊዎች ላይ ቀሰረ።

ዲሚያና የፕሮግራሙን ወረቀት አልጋቸው ድረስ እያመጣች ታነብላቸው ነበር። «እማዬ፣ በቃ ተኚ» ስትላቸው፣ «ስሞት እተኛለሁ፤ አንብቢ!» ይሏታል። በሦስተኛው ሳምንት ያቺ መስመር የሌለችበት ክፍል ተገኘ። የጻፉት ራሳቸው ማርሴል ነበሩ፤ ያውም ዲሚያና በተወለደች ሳምንት። ሠላሳ ዓመት ተደብቆ አሁን የወጣው ፓምፖቹ በዝተው ቦታው ቶሎ ማለቅ ስለጀመረ ነው።

ዲሚያና በዝምታ ልታስተካክለው ፈልጋ ነበር። «የለም፣ በስሜ ጻፊው! እነዚያን ልጆች በኔ ጥፋት አላስወቅስም» ብለው ተቆጡ። እንዲህም አስጻፉ፦ «ጥፋቱ የማርሴል ነው። የሚመልሰው ተቀባዩ ነው።» ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ጃንዋሪ 12 ቀን 2024 በ67 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ተለይተውናል።

ማዕበሉ የገባው ባረፉ ማግስት ነው። ፓምፖቹ ሲቋቋሙት ሳያዩ መሄዳቸው ያንገበግበኛል። አሁንም እየዘነበ ነው፤ ፓምፖቹ ግን አንድም ደቂቃ አልቆሙም፤ አስከሬናቸውንም ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ውሃ ባልሞላው መንገድ በእግራችን አጅበን ደርሰናል። ነፍሳቸውን የሰጠ አምላክ በሰላም ይቀበልልን። አሜን።