ስለ እትዬ በረዶ ሞትና ጠረጴዛ ላይ ስለቀረው ሳጥን

የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ማኅበር፣ የናሙና ክፍል ከፍተኛ ቴክኒሺያን የነበሩትና ሁላችንም እትዬ በረዶ እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ባለፈው ረቡዕ ጠዋት በኩላሊት ካንሰር ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሆስፒታሉ ሠራተኞችና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። በቁጣም ነው። አስተዳደሩ አዘጋጅቶ እንድንፈርምበት የላከልን መግለጫ "ከአጭር ጊዜ ሕመም በኋላ፣ አስፈላጊው ሁሉ ተደርጎላቸው" ይላል። አልፈረምንም። ይህኛውን ራሳችን ጽፈነዋል።

እትዬ በረዶ ሆስፒታሉን ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ዓመታት ያሳለፉት ከሕሙማን የወጣ ዕጢ በሰም ውስጥ አድርገው፣ ከወረቀት ይልቅ አቅጥነው እየቆረጡ ለማይክሮስኮፕ በማዘጋጀት ነበር። መቁረጫቸውን ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይወዱም። የነካ ሰው ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ ያስታውሳል።

ከሰባት ዓመት በፊት ሆስፒታሉ የካንሰር ክትባት ጥናት ሲጀምር ወደዚያ ተዛወሩ። ይህ ክትባት ሕፃናት እንዳይታመሙ የሚከተቡት ዓይነት አይደለም፤ ለታመመ ሰው ከራሱ ዕጢ የሚሠራ ነው። የካንሰሩ መለያ ከዕጢው ተወስዶ ለሰውነቱ የመከላከያ ሴሎች ይቀርባል፤ እነሱም ሲደበቃቸው የኖረውን በሽታ በመልኩ ለይተው ማጥቃትን ይለማመዳሉ። ለዚህም ዕጢው ከሰውነት በወጣ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ደረቅ በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። ለተራው ምርመራ እንደሚደረገው ፎርማሊን በሚባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ከተነከረ፣ እኛ ዘንድ ክትባት አይሠራበትም።

በረዶውን የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። ቀይ ክዳን ያለውን ሳጥን ይዘው ከምድር ቤት አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ፣ ዕጢውን ተቀብለው ይወርዳሉ። ሊፍቱ ሲበላሽ፣ እሱ ደግሞ የማይበላሽበት ሳምንት የለም፣ በደረጃ ነው። ራሳቸው እስከታመሙ ድረስ አንድ መቶ አርባ ሦስት ናሙና አመላልሰዋል፤ አንድም አልተበላሸባቸውም። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የቀዶ ጥገና ክፍል ሰዎች ናቸው።

ጥናቱ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ አንድ ሳጥን በቋሚነት ቀዶ ጥገና ክፍል እንዲቀመጥና ተተኪ ሰው እንዲመደብ ለአስተዳደሩ ጻፉ። መልሱ "ጥያቄዎ በመታየት ላይ ነው" የሚል ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ በመጋቢት፣ ደግመው ጻፉ። በዚህኛው ደብዳቤ ውስጥ "እኔ በሌለሁበት ቀን ማን ይወጣል?" የሚለውን ዐረፍተ ነገር በእጃቸው አስምረውበታል። አስተዳደሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሳቸውም ከቢሮ ቢሮ እግራቸው እስኪቀጥን ተመላለሱ።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ራሳቸው ታመሙ። በጥናቱ ለመካተት በገዛ ፈቃዳቸው ፈረሙ፣ ለቀዶ ጥገናም ተኙ። የሚቀጥለውን የምንጽፈው እያፈርን ነው። በዚያ ቀን የክፍሉ ሠራተኞች ሰባታችንም ሥራ ጥለን አራተኛ ፎቅ ወጣን፤ በሩ ላይ ቆመን ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ስለ ሕይወታቸው ተጨንቀን ነበር። ሳጥኑ ምድር ቤት፣ የእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከሰባታችን አንዳችንም ይዘነው አልወጣንም፤ ሁልጊዜ የሚይዙት እሳቸው ስለሆኑ ለአንዳችንም አልታሰበንም።

ከውስጥ የሆነውን ኋላ ሰማን። ቀዶ ሐኪሙ "ላቦራቶሪ አልመጣም እንዴ?" ብለው ሲጠይቁ፣ ነርሷ በለመደ አፏ "እትዬ በረዶ አሁን ይመጣሉ" አለች። እትዬ በረዶ እዚያው ፊቷ በሰመመን ተኝተው ነበር። ዕጢው ከወጣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ የሐኪሙ ረዳት፣ እንዳይበላሽ ብሎ፣ ዕጢውን ፎርማሊን ውስጥ አስቀመጠው። በእሱም በነርሷም አንፈርድም። እኛ በዚያው በር በስተ ውጭ ባዶ እጃችንን ቆመን ነበርና።

እትዬ በረዶ ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት "የኔን ማን ወሰደው?" ብለው ነው። ፊታችንን አይተው "ፎርማሊን ገባ፣ አይደል? በሉ፣ ነገ ጠዋት ሌላ ታማሚ አለ። እዚህ ተገትራችሁ አትዩኝ" አሉን። በሁለት ወር ሥራ ተመለሱ፤ በአንድ ኩላሊት ደረጃውን እየወጡ ሌላ አሥራ አንድ ናሙና አመጡ። ሦስተኛውን ደብዳቤ የጻፉትም ያኔ ነው። እሱን ውሃ በላው፣ መልስም አልመጣም።

ክትባቱ ያድናቸው ነበር ብለን አንምልም። ገና ጥናት ነው፤ ተከትበው ያልዳኑ አሉ፣ አራት ዓመት አልፏቸው በእግራቸው ለክትትል የሚመጡም አሉ። እትዬ በረዶ ግን ከሁለቱ ከአንዱ ወገን ለመሆን እንኳ አልታደሉም። ለሌላ ሰው አንድ መቶ ሃምሳ አራት ጊዜ የተሸከሙትን ዕድል ለእሳቸው አንድ ጊዜ የሚሸከም ጠፋ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አስተዳደር ዓይኑን በጨው አጥቦ "አስፈላጊው ሁሉ ተደርጎላቸው" በሚለው ላይ ፈርሙ አለን።

ስለዚህ ማኅበሩ ከሰኞ ጀምሮ ባለ ቀይ ክዳኑን ሳጥን ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ አስቀምጧል፤ ሰባታችንም በተራ እንጠብቀዋለን። ፈቃድ አልጠየቅንም፤ አምስት ዓመት ተጠይቋልና። ሳጥኑ ይውረድ የሚል ኃላፊ ካለ፣ ራሱ መጥቶ ያውርደው።

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ለሆኑት ባለቤታቸው፣ ለታናሽ እህታቸው፣ ለሥራ ጓደኞቻቸውና በእጃቸው ላለፉት ሕሙማን ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን፤ ቤተሰቡንም ይቅርታ እንጠይቃለን። ባለቤታቸው ትናንት ክፍላችን መጥተው፣ ሳጥኑን ለማስታወሻ እንድንሰጣቸው ለመኑን። የሚጠይቁት አንድ ነገር እሱ ብቻ ነበር። አራተኛ ፎቅ ወስደን በሩ ላይ አሳየናቸውና መስጠት እንደማንችል ነገርናቸው። ክዳኑን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና "እሷም ብትሆን አትሰጠኝም ነበር" ብለውን በደረጃው ወረዱ።