ስለ ድርቤ ቀኝ እጅ ለክቡር አቶ ሞረዳ

ለክቡር አቶ ሞረዳ ኢፋ፣
የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ፣
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? አካም ጂርቱ? እኛ በቡርቃ ጃቶ በኩል ያለነው፣ የቡና ገለባ አቧራ ከደረታችን ባይወጣም፣ ደህና ነን። እርስዎ የመኪናዎን መስታወት ዘግተው ሲያልፉ ስለምናይ አቧራው እንደማያገኝዎ አውቀን ፈጣሪን እናመሰግናለን።

ስሜ ጠፍቶዎት እንደሆነ፣ የቡና መቀሸሪያው መዝገብ ቤት ሠራተኛ የሺወርቅ ነኝ። በሠራተኛ ማኅበራችን እርስዎ ሊቀመንበር፣ እኔ ጸሐፊ ሆነን አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ያኔ በአክብሮት «አዴ የሺ» ይሉኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድኩ።

፩. አስቀድሜ ስለ ትናንትናዎ ላመስግንዎ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ እርስዎ ጆንያ ተሸካሚ ሳሉ፣ ማሽኑን የሚያሽከረክረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የባልደረባችንን የገለታን ሁለት ጣቶች ቆረጠ። ቺንጋው መከለያ አልነበረውም። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን በገለታ ላይ ሲያላክኩ፣ እርስዎ የተሸከሙትን ጆንያ በሩ ላይ አውርደው ተቀመጡበት። ሌሎቹም ተሸካሚዎች አወረዱ፤ ለቃሚ ሴቶችም ተከተሉ። ሦስት ቀን እዚያው ዋልን። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ወጥተው ምን እንደምንፈልግ ሲጠይቁ፣ እርስዎ «የብረት መከለያ ብቻ። እጃችንን ለቤታችን እንፈልገዋለን» አሉ። መከለያው በማግስቱ ተገጠመ። ያን ቀን ኮራሁብዎ፤ ክቡርነትዎ ይህን ስሕተቴን ይቅር ይበሉኝ።

፪. ቀጥሎ ስለ ዕድገትዎ። ከማኅበሩ ወደ ፓርቲው፣ ከፓርቲው ወደ ምክር ቤቱ፣ ከዚያም ወደ አሁኑ ወንበር ሲወጡ፣ በየደረጃው የገለታን ጣት ታሪክ ተናገሩ። እኛም ከመካከላችን አንዱ እዚያ ከተቀመጠ አቤቱታችን ሰሚ አያጣም ብለን፣ መዳፋችን እስኪቀላ አጨበጨብን።

፫. ባለፈው ኅዳር፣ ገለባ ሲወተፍ ለማጽዳት ጊዜ ይፈጃል ተብሎ መከለያው ተነቀለ። አሁን የማኅበሩ ሊቀመንበር የሆነችው ሶረቲ ፈርማበት ለቢሮዎ ጻፍን። ደብዳቤያችን በክብር ተመዝግቦ ማኅተም ተመታበት፤ ማኅተሙ እጅግ ያማረ ነበር። ተቆጣጣሪ ግን አልመጣም። ጥር ላይ ቺንጋው የድርቤን ቀኝ እጅ ያዘ፤ ሐኪሞቹም ከአንጓው በላይ ቆረጡት። ድርቤን ባይረሷት ደስ ይለኛል፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት ከቤቷ ውሃ እየቀዳች ያጠጣችዎ ሴት ናት።

እርስዎ በአራተኛው ቀን መጡ። መከለያው የዚያን ዕለት ጠዋት ተመልሶ ስለተገጠመ፣ ብሎኖቹ ገና ያብረቀርቁ ነበር። ይህን ለማየት ሠላሳ እርምጃ መራመድ ይበቃ ነበር፤ እርስዎ ግን ከሥራ አስኪያጁ ክፍል ሳይወጡ ለስላሳዎን ጠጥተው፣ አደጋው «በሠራተኛዋ ቸልተኝነት» መድረሱን በሚገልጸው ሪፖርት ላይ ፈረሙ። በሩ ላይ ጠብቄ ስለ ብሎኖቹ ስነግርዎ የመኪናዎን መስታወት አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው «አዴ የሺ፣ ያኔ የእናንተ ነበርኩ። አሁን የሁሉም ነኝ» አሉኝ። ለማብራሪያው አመሰግናለሁ። ይህ «ሁሉም» የሚባለው ማን እንደሆነ ቆይቼ ተረዳሁ፤ የፋብሪካው ባለቤት ነው።

ሪፖርቱ የተጻፈው በአማርኛ ስለነበር፣ ሆስፒታል ሄጄ ለድርቤ በኦሮምኛ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ራሱ ሞረዳ ነው የፈረመው?» አዎ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ክቡርነትዎ፣ በሃያ ዓመት ሥራዬ ብዙ ወረቀት አንብቤአለሁ፤ ያፈርኩት ግን በዚያ ብቻ ነው።

፬. በሠራተኞች ቀን አዳራሽ ጠርተውን ስላደረጉት ንግግርም ምስጋና ይድረስዎ። ድርቤ ባዶ እጅጌዋን አጥፋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ እርስዎ ስለ ገለታ ጣቶችና ስላስገጠሙት መከለያ ተናገሩ። ገለታ ንግግሩ ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣ። ምናልባት መብራቱ ዓይንዎን ወግቶዎት ይሆናል፤ አላዩትም።

ድርቤ ፍርድ ቤት ሄደች። ሶረቲ ያን ያማረ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አቀረበች። መካኒኩ ኢዶሳ ደግሞ መከለያውን በማን ትእዛዝ፣ በየትኛው ጠዋት እንደገጠመ መሰከረ፤ በሳምንቱም ከሥራ ተባረረ። ባለፈው ሳምንት ፍርድ ቤቱ ሪፖርትዎን ውድቅ አድርጎ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ሲል ወሰነ። ስለዚህ ድርቤ ቸልተኛ አይደለችም። ኢዶሳ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ፈትቶ ነው ያለው፤ ስለ እሱም ለቢሮዎ ጽፈን፣ እንደ ልማዱ ማኅተም አግኝተናል።

ከወንበርዎ ይነሡ አልልም፤ በእርስዎ ቦታ ለስላሳ የሚጠጣ ሌላ ሰው አይጠፋም። የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ በየትኛውም መድረክ የገለታን ጣቶች አያንሡ። ይህን እንድጽፍ የነገረኝ ራሱ ገለታ ነው። ጣቶቹ የእርሱ ናቸው፤ ለእርስዎ አልሰጣቸውም።

ለሰጡን ጊዜ፣ ለነፈጉን ጆሮና ሳይመለከቱ ለፈረሙበት ብዕር ያለንን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽን፣ ከዚህ በላይ ከፍ ብለው ጨርሶ ከዓይናችን እንዲሰወሩ እንመኛለን።

የሺወርቅ፣
የቀድሞ ጸሐፊዎ

ማስታወሻ (ዛሬ የታከለ)፦ ይህ ደብዳቤ ከሰኞ ጀምሮ በፋብሪካው በር ላይ ተለጥፏል፤ አማርኛ ለማያነቡት ለቃሚዋ ኢቢሴ በኦሮምኛ ትነግራቸዋለች። ትናንት እናትዎ ከገበያ ሲመለሱ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የድርቤ ቤት የት እንደሆነ ብቻ ጠይቀው፣ የገዙትን እንደያዙ ወደዚያው ሄዱ። ከቤተሰብዎ ድርቤን ሊጠይቅ የሄደ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ናቸው።