ቀይ ስለተቀቡት አርባ አንድ ኮኮናቶች

ለክቡር የሴንት ኦዲል ደሴት ገዥ
ኮረብታው ላይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ሙሉ ጤና፣ ባለፈው የሰልፍ ቀን ነፋስ ነጥቆ ባሕር ለከተታት ላባ ለተሰካባት ባርኔጣዎም መልካም መገኘትን እመኛለሁ። እኛ በዛጎል ወሽመጥ የምንኖር ሰዎች ክቡርነትዎ ረጅም ጊዜ እንዲቆዩልን ከልባችን እንፈልጋለን፤ ገዥ በየሦስት ዓመቱ ከባሕር ማዶ ስለሚላክልን፣ አንዱን ለምደን ሳንጨርስ ሌላውን መልመድ ያደክማልና።

የምጽፍልዎ ስለ እጅግ ትንሽ ጉዳይ ነው፤ ስለ ፍየሌ ከንፈር። ባለፈው ማክሰኞ ከመሬት ጽሕፈት ቤት የመጡ ሁለት ሠራተኞች ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ኮኮናት ግንድ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ቀለሙ ሳይደርቅ ፍየሌ ላሰችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከንፈሯን ተቀብታ መንደሩን ስለምትዞር፣ ጎረቤቴ አያንቴ ከአጥሯ በላይ ብቅ እያለች «አንተ ሄስኬት፣ ሙሽራዋን ለማን ልትድራት ነው?» ትለኛለች። በሰባ አንድ ዓመቴ ለፍየል ባል ልፈልግ? ክቡርነትዎ ይፍረዱኝ።

ደብዳቤ ከጀመርኩ አይቀር ግን ሌሎች ጥቃቅን ቅሬታዎቼንም በቁጥር ላስቀምጥ፤ መንግሥታችን ቁጥር እንደሚወድ ከዛፎቻችን ተረድተናል።

አንደኛ። የተቀባው የእኔ ዛፍ ብቻ ሳይሆን አርባ አንድ ዛፍ ነው። በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ በተለጠፈው ዝርዝር መሠረት፣ እነዚህ «ባለቤት በሌለው ዳርቻ በራሳቸው የበቀሉ» ኮኮናቶች ነገ ዓርብ ጠዋት ተቆርጠው ቦታው ለሀብታሞች የመዝናኛ ጀልባ ማቆሚያ ይሆናል። መቁረጫው ማሽን ከትናንት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆሟል። ይህን ስጽፍ ለአራተኛ ጊዜ ብድግ ብዬ በመስኮት አየሁት። እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሁለተኛ። ክቡርነትዎ ገና ሁለተኛ ዓመትዎ ስለሆነ ማንም ባይነግርዎ አይፈረድብዎትም፤ እዚህ በራሱ የበቀለ ኮኮናት የለም። ልጅ ሲወለድ አዋላጇ እትብቱን ከአንድ የኮኮናት ችግኝ ጋር ትቀብረዋለች፤ ዛፉም የልጁ ይባላል። ቁጥር አራት እኔ ነኝ፤ እንደ ባለቤቱ ጎብጦ ወደ ባሕር ያያል። ቁጥር አምስት ወንድሜ ሲልቫን ነው። ሲልቫን ከነጀልባው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ሆነው፤ መቃብር የለውም። እናታችን እስክትሞት ድረስ የምታለቅሰው እዚያ ግንድ ሥር ነበር።

ሦስተኛ። የባለቤትነት ወረቀት አምጡ ተብለናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የደሴታችን ታሪክ ግን ትንሽ ያስቸግራል። ሁለት የአውሮፓ ነገሥታት አምስት ጊዜ ሲቀባበሉን አንዴም አልጠየቁንም። በኋላ ባርነት ቀርቶ ስኳርም ሲረክስ፣ የሸንኮራ እርሻዎቹ ጌቶች ወረቀቱን ሁሉ ጠቅልለው በመርከብ ሄዱ። መሬቱን ግን መርከቧ ስላልቻለችው ትተውልን ሄዱ፤ አያቶቻችንም በሌላቸው ወረቀት ፋንታ ዛፍ ተከሉበት።

በዚህ አጋጣሚ ከልብ ላመሰግንዎ የሚገባ ነገር አለ። በግቢዎ ውስጥ ከእርስዎ በፊት የነበሩ ዘጠኝ ገዥዎች «ይህን ዛፍ ተከሉ» የሚል የነሐስ ጽሑፍ አቁመዋል፤ በየሳምንቱም ይወለወላል። ዛፎቹ ግን ሁሉም ደርቀዋል። እናንተ ዛፍ የሌለው ወረቀት፣ እኛ ወረቀት የሌለው ዛፍ ይዘን ይህን ያህል ዘመን በሰላም መኖራችን የአስተዳደርዎን ጥበብ ያሳያል።

አራተኛ። ለምክር ቤታችን አቤት ብዬ ነበር። ከሰባቱ አባላት አራቱ የአክስቶቼ ልጆች ናቸው። ሦስቱ «ሄስኬት፣ እሱ እኮ የገዥው ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አቅም አለን?» አሉኝ። አራተኛው ስልክ አላነሳም፤ ከሁሉ ሐቀኛው እሱ ነው።

አምስተኛ። ከላይ የጠቀስኳት አያንቴ የመንደራችን አዋላጅ ናት። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጇ ሴት ልጅ ወልዳለች። የሕፃኗ እትብት አሁን በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ የአያንቴ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ችግኝ አለ። ትናንት አያንቴ ከአጥሩ በላይ ብቅ ስትል ስለ ፍየሏ አላነሳችም። «ሄስኬት፣ የት ልትከላት?» ብቻ አለችኝ። እኔም ወረቀትና ብዕር ልፈልግ ወደ ቤት ገባሁ።

ስድስተኛ።

ይቅርታ፤ በር ተንኳኳ።

ክቡር ሆይ፣ ስድስተኛውን ትቼዋለሁ። የመጣው የመሬት ጽሕፈት ቤትዎ ኃላፊ አቶ ሌስሮይ ታከት ነው፤ በዝርዝሩ ግርጌ የፈረመው። የተወለወለው ጫማው አሸዋ ሞልቶት፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አጎቴ ሄስኬት፣ ዛሬ ጠዋት እናቴ ዝርዝሩን ሰምታ ደወለችልኝ። እውነት የተወለድኩት እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው እንጂ! በጩኸትህ ለሦስት ቀን ዓሣ አልተያዘም። ገና በእግርህ በደንብ ሳትሄድ ነው እናትህ ወደ ከተማ ይዛህ የገባችው።»

«ታዲያ የኔ የቱ ነው?»

በጣቴ አሳየሁት። ሄዶ ከሥሩ ቆመ፤ ቁጥሩን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ አልለቀቀም። ተመልሶ ገባና ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበበ። ፍየሏ ጋ ሲደርስ ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም። «ብዕሩን ስጠኝ» አለኝ።

ስለዚህ ጊዜዎን ከዚህ በላይ ሳልሻማ፣ በኮረብታዎ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ሁሉ ለስላሳ እንዲሆንልዎ፣ ቀጣዩ ባርኔጣዎም ማሰሪያ እንዲኖራት እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

ባለቤት ከሌለው ዳርቻ፣
ሄስኬት ጋምብስ፣ ቁጥር አራት
ሌስሮይ ታከት፣ ቁጥር አሥራ ሰባት

ማስታወሻ፦ ክቡርነትዎ የእርስዎ እትብት የት እንደተቀበረ ቢያሳውቁን፣ ማንም ቁጥር እንደማይጽፍበት በፍየሌ ቀይ ከንፈር እንምልልዎታለን።