ዓሣው የዞረባት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ገበያ ያወጣሁት ባሮ ሽንኩርት ከቀትር በፊት አለቀ። ብርዱ ገብቷል፣ ጣቴ አልታጠፍ ብሏል። ከሰዓት ልጄ ሩይሊን ደወለች። የእጮኛዋ የጂንቦ ቤተሰቦች ቅዳሜ ከሁናን ይመጣሉ፣ እዚሁ ጂናን ራት ጋብዘውናል፣ የእኛን አገር ምግብ። የሠርጉ ነገር እዚያው ይቆረጣል።
ደስታዬን ሳልጨርስ... ጋሼ ዴሹንም ይመጣሉ አለችኝ። የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም። ማን ጠራቸው? ራሳቸውን ጠሩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ጋሼ ዴሹን ገበያ ድረስ መጡ። "የቤቱ ወንድ እኔ ስለሆንኩ ለጂንቦ ቤተሰቦች መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ" አሉ። መልሱንም ነገሩኝ፦ የታላቅ ወንድም ልጅ ሳያገባ የታናሽ ወንድም ልጅ አታገባም። ልጃቸው እኮ አርባ ሊሞላው ነው፣ ከኮምፒውተር ጌሙ ቀና ብሎ ሴት አይቶ አያውቅም። እሱን ስትጠብቅ ልጄ ትሸብት?
ባሌ ዴጉይ ታሞ ሲተኛ የቤቱ ወንድ ማን ነበር? እኔ። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ በአፍ ግን ማንም አይችለኝም። ይጠብቁኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ሩይሊን ለመነችኝ። "እማ፣ ነገን ብቻ ዋጥ አድርጊው። ብትጣሉ የጂንቦ እናት ምን ትላለች?"
እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ንግግሬን ማሰናዳት ጀመርኩ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9
ትናንት መሽቶ ስለገባሁ አልጻፍኩም።
ስደርስ ጋሼ ዴሹን ሰው እያስቀመጡ ነው። የጂንቦን አባት በሩ ፊት ለፊት፣ ጋባዥ ናቸው። ራሳቸውን በቀኛቸው፣ የክብር እንግዳ ቦታ። እኔን? በር ጋ። ሾርባው ሁሉ በትከሻዬ ላይ ያልፋል፣ እንፋሎቱ አንገቴን ይልሰኛል። የልጅቷ እናት...
ዋጥኩት። የአሳማ አንጀቱን ሁሉም ያደንቃል፣ እኔ ጣዕሙ አልገባኝም።
ከዚያ ዓሣው መጣ። የቢጫው ወንዝ ዓሣ፣ ጭንቅላቱና ጭራው ሊዘል እንደተነሣ ሽቅብ የታጠፈ፣ ጣፋጭና ኮምጣጣ ስጎው ገና ይንጫጫል። አስተናጋጇ ጭንቅላቱን ወደ ጋሼ ዴሹን አድርጋ አስቀመጠችው። በወጋችን ጭንቅላቱ የዞረበት ሰው ሦስት መለኪያ አረቄ ጠጥቶ ቃሉን ይናገራል። ከዚያ በፊት ዓሣውን የሚነካ የለም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አበቃልን አልኩ።
የጂንቦ እናት ግን የሁናን ሰው ናቸው፣ ወጋችንን የት ያውቁታል? የአሳማ አንጀቱ ጥሟቸው ኖሮ ወደ ራሳቸው ሊያመጡት ሳህኖቹ ያሉበትን የሚሽከረከር መስተዋት ሳብ አደረጉት። ጭንቅላቱ ዞረ... ዞረ... እኔ ፊት ቆመ።
ጋሼ ዴሹን ሊመልሱት እጃቸውን ዘረጉ። እጄን መስተዋቱ ላይ ጫንኩ። የሩይሊን ፊት አመድ መሰለ።
"የዴጉይ ሚስት፣ በስህተት ነው የዞረው። እጅሽን አንሺ።"
"የቆመ ዓሣ አይነካም፣ ጋሼ። የአባትዎ ወግ ነው። ጭራው ደግሞ እርስዎ ጋ ነው፤ ለጭራ አራት መለኪያ ነው፣ ይቀዳልዎት።"
የጂንቦን አባት ሳቅ አመለጣቸው። ጋሼ ዴሹን አልሳቁም። እጃቸው ግን ተመለሰ።
ሦስቱን ጨለጥኩ። ተነሣሁ። ያሰናዳሁት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ ሆስፒታሉ፣ ቀብሩ፣ ጋሼ ዴሹን ያልመጡበት ሁሉ። ሩይሊን ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች...
"ልጄን ሰጥቻለሁ። ሠርጉ ብርዱ ሳይወጣ፣ አዲሱ ዓመት ሳይገባ ይሁን። ብሉ፣ ይቀዘቅዛል።"
ተቀመጥኩ። የቀረው ንግግር የት ገባ? እኔም አላውቅ።
ጋሼ ዴሹን አራቱንም ጠጡ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
የጂንቦ አባት ቀኑን ለመቁረጥ ደወሉ። ለእኔ።
ከሰዓት ጋሼ ዴሹን ገበያ መጡ። ባሮ ሽንኩርት አነሡ፣ መለሱ፣ ሌላ አነሡ። በመጨረሻ፣ አይናቸው ሽንኩርቱ ላይ፦
"ለሠርጉ... እኔ የት ነው የምቀመጠው?"
ገና አላሰብኩበትም አልኳቸው።
አስቤበታለሁ። ከጎኔ ነው። ግን ትንሽ ይቆዩ።